በሳሙናው ላይ ያለችው ሴት

ጥቅምት 3

ለወንድሜ ልጅ፣ ለሚጣዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ሥራሽስ፣ ቤትሽስ፣ ባለቤትሽስ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ካላስታወስኩት አያስታውሰኝም። ፈጣሪ በሰው አገር ይጠብቅሽ፤ ከክፉ በሽታና ከክፉ አለቃ ይሰውርሽ።

የምጽፍልሽ ምክር ፈልጌ ነው። ባለቤቴ ጋሼሽ ካረፈ አራት ዓመት አለፈው፤ እኔም እሱ በበየደው በርሜል ሳሙና እየቀቀልኩ እስካሁን አለሁ። ሁለት ሴቶች ቀጥሬያለሁ፤ አንዷ ታማስላለች፣ አንዷ ትቆርጣለች። ሳሙናውን ታውቂዋለሽ፤ ልጅ ሆነሽ አንገትሽን ስፈትግሽ ሰፈሩን በጩኸት ያናወጥሽበት ነው። ያጸዳል። ግን ሰው ዛሬ የሚገዛው የሚያጸዳውን ሳይሆን የሚያምረውን ነው። ባለፈው ሱቅ ገብቼ መደርደሪያው ላይ አየሁት። የሌሎቹ በሚያብለጨልጭ ወረቀት ተሸፋፍነው ከፊት ተደርድረዋል፤ የኛ በካኪ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ በሲባጎ ታስሮ፣ ጥፋት እንደሠራ ተማሪ ጥግ ይዟል። ባለሱቁ «እማማ፣ ሳሙናዎ አንደኛ ነው፤ መልኩ ግን የአይጥ መርዝ ይመስላል» አለኝ። ሳቅሁ፤ ግን ቤቴ ስገባ ሳቁ አልቆየልኝም። ከኛ ይወስድ የነበረው ትምህርት ቤትም ዘንድሮ ከሌላ ሊገዛ ነው አሉ። እሱ ከቀረ ከሁለቱ ሴቶች አንዷን ማሰናበቴ ነው። የትኛዋን? ሁለቱም ልጆች የሚያሳድጉ ናቸው።

መጠቅለያ የሚሠራ፣ ስም የሚያወጣ፣ የሚያስተዋውቅ ባለሙያ መቅጠር ይቻላል ሲሉ ሰማሁ። ማንን ልቅጠር? እኔ ስለ ሞራ እንጂ ስለ ወረቀት አላውቅም። ገንዘብ አልጠይቅሽም፤ ባለፈው የላክሽው ይበቃኛል። ይልቅ ፎቶሽን ላኪልኝ። ዓይንሽን ካየሁት ሁለት ዓመት ሆነኝ።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እንደሱ ያለ ንግግሩ የጣፈጠ፣ ሽማግሌ አክባሪ አማች ለሁሉም ይስጠው እላለሁ።

አክስትሽ


ጥቅምት 29

ለተከበሩ አክስቴ፣

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጉልበትዎን በሞቀ ጨርቅ ያሲዙት፣ በርሜሉንም ብቻዎን አያንሱ። እኛ ደህና ነን።

ዲዛይነር አግኝቼልዎታለሁ። እዚያው እርስዎ ከተማ ነው ያለው፤ ሥራዎቹን ኢንተርኔት ላይ አየኋቸው። የማር፣ የጫማ ቀለም፣ የታሸገ ውሃ መጠቅለያ ሠርቷል። ስሙንም፣ አርማውንም፣ ማስታወቂያውንም በአንድ ላይ ይይዛል። ተጻጽፈን በክፍያው ተስማምተናል፤ የመጀመሪያውን እኔ እከፍላለሁ። በምሠራበት ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ትርፍ ሰዓት መሥራት ጀምሬያለሁና አይጨነቁ።

ሁለት ነገር ላስቸግርዎ። ስልኬ ስለተበላሸ አይደውሉልኝ። ደብዳቤም ከእንግዲህ በቤቴ ሳይሆን ከታች በጻፍኩት በሥራ ቦታዬ አድራሻ ይላኩልኝ፤ የሕንፃችን የፖስታ ሣጥን ቁልፍ ጠፍቷል። ፎቶውን በሚቀጥለው እልካለሁ። ሰሞኑን ለፎቶ የሚሆን ፊት የለኝም።

ታዛዥ ልጅዎ


ኅዳር 18

ለሚጣዬ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ እንቅልፍሽ የሰመረ፣ ደመወዝሽ የበረከተ ይሁን። እኔ ደህና ነኝ፣ ግን ሳቄና ንዴቴ ተደባልቀውብኛል።

ሰውዬሽ መጣ። በነጭ ሸራ ጫማ! ሞራ ወደሚቀልጥበት ቤት በነጭ ሸራ ጫማ። ከበሩ ሳያልፍ አፍንጫውን በክርኑ ሸፈነና «ይሄ ሽታ ምንድን ነው?» አለ። ሞራ ነው አልኩት። «ሳሙና ከሞራ ነው እንዴ የሚሠራው?» አለ። ሳሙና ልሸጥልሽ ብሎ የመጣ ሰው እኮ ነው!

ተቀመጥ አልኩት፤ በርጩማውን በወረቀት ጠርጎ ተቀመጠ። በየዓረፍተ ነገሩ «ፈጠራ» ይላል። ገበያው ፈጠራ ይፈልጋል፣ እሱ የፈጠራ ሰው ነው፣ የኛ ችግር የፈጠራ ማነስ ነው። ሴቶቹ ገና ሳይወጣ «ፈጠራው» ብለው ስም አወጡለት። «እናቴ፣ እኛ ሳሙና አንሸጥም፤ የምንሸጠው ስሜት ነው» ሲለኝ «ስሜትህ እድፍ ያስለቅቃል?» ብዬ ጠየቅሁት። አልሳቀም።

ከዚያ እጄን ፎቶ ሊያነሳ ፈለገ። ከሞራው ጋር የምንቀቅለው ኮስቲክ ሶዳ ያቃጠለኝን የክንዴን ጠባሳ ሲያይ ፊቱ በራ፤ ወዲያው ፎቶ አነሳው። ሥጋ እንደሚመርጥ ገበያተኛ ክንዴን ወዲያ ወዲህ አገላበጠውና «ሌላስ ጠባሳ የለዎትም? ፊትዎ አካባቢ?» አለኝ። ክንዴን ነጠቅሁት። እስካሁን ጣቶቹ ያረፉበት ቦታ ይቀፈኛል።

በመጨረሻ መጠይቅ ሰጠኝ። «የመሥራቿ ሕመም ምንድን ነው?» ይላል። ጉልበት ብዬ ጻፍኩ። «በሕይወትዎ ዝቅተኛው ቦታ የቱ ነበር?» ይላል። ከግቢው በታች፣ ውሃ የሚቋጥርበት ጋ አልኩ። አነበበውና ተነፈሰ። «እናቴ፣ አይቆጡኝና እርስዎ ታሪክ የለዎትም» አለኝ።

ይኸውልሽ፤ ሠላሳ ዓመት ከአንድ ደህና ሰው ጋር ኖሬ ታሪክ የለሽም ተባልኩ። እኔ ሌላ ሰው ብንፈልግ ይሻላል ባይ ነኝ። አንቺ ግን ከፍለሻል፤ አንቺ በይ። ፎቶውንስ?

ለባለቤትሽ ሰላም በይልኝ።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 10

ለተከበሩ አክስቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ደብዳቤዎን በምሳ ሰዓት አነበብኩት። ጉልበት የምትለዋ ጋ ስደርስ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ባልደረቦቼ ዞረው አዩኝ። ከሳቅሁ ቆይቻለሁ መሰለኝ።

ሰውዬውን አያባሩት። የእነሱ ሙያ እንደዚያ ነው፤ ያለ ታሪክ ምንም አይሸጡም። መጠይቁን እኔ ሞልቼ በኢሜይል እልክለታለሁና እርስዎ አይድከሙ። የሚያስፈርምዎ ወረቀት ካመጣ ይፈርሙለት፤ እኔ አይቼው ነው። ለሳሙናው ስምም አስቤያለሁ፤ «እፎይ» ይባል። ሰው ታጥቦ ሲወጣ የሚለው ነው።

ሌላ ነገር። ሽያጩ ከተሳካ ለእኔ የሚሆነውን አይላኩልኝ፤ እጅዎ ላይ ይቆይልኝ። ለማንም አይንገሩ፤ ለባለቤቴም ቢሆን። ድንገተኛ ስጦታ ልሰጠው አስቤ ነው።

ታዛዥ ልጅዎ


ጥር 27

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ እናቆየው፤ ዛሬ ከአፌ አልወጣ አለኝ።

ሳሙናው ወጣ። ስሙ እፎይ ነው፤ ስሙስ ጥሩ ነው። አንቺ አይተሽው እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ያየሁትን ልንገርሽ። ነጭ ሳሙና ላይ የሴት ፊት ተቀርጿል። አንድ ጉንጯ በሐምራዊ ቀለም በልዟል። ስትታጠቢበት ቀለሙ ይለቅና ፊቷ ንጹሕ ይሆናል። ፈጠራው ይሄ ነው! ቆራጯ መጀመሪያ ስትሞክረው ሐምራዊ ውሃ በክንዷ ሲወርድ እጄን ቆረጥኩ ብላ ጮኸች። መጠቅለያው ላይ በትልቁ «እሱ መታት። እሷ ታጠበች።» ይላል። ከጀርባው ደግሞ የመሥራቿ ታሪክ አለ። መሥራቿ ለዓመታት በባሏ ስትደበደብ ኖረች፤ ደመወዟን ይቀማት ነበር፤ ሲሞት ነፃ ወጣችና ይህን ሳሙና ሠራች። ሥሩ የኔ ክንድ፣ የኔ ጠባሳ ፎቶ። የኮስቲክ ሶዳውን ቃጠሎ የባል ሥራ አድርገውታል!

ፈርሚ አልሽኝ፣ መነጽሬን እንኳ ሳላደርግ ፈረምኩ።

ይሸጣል። እሱን አልዋሽሽም፤ በሦስት ሳምንት የሦስት ወሩን ሸጥን። ግን ማን እንደሚመጣ ልንገርሽ። ሴቶች ይመጣሉ፣ አንገቴን አቅፈው ያለቅሳሉ። አንዷ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን አሳየችኝ። «እርስዎ ከወጡ እኔም እወጣለሁ» አለችኝ። ምን ልበላት? ውሸት ነው ልበላት? ሌባ ሲይዙት እንደሚቆመው ቆምኩ። ሱቁ ውስጥ ደግሞ አንድ ጎረምሳ ሳሙናውን አንስቶ ለጓደኛው «ለሚስትህ ውሰድላት፣ ያስፈልጋታል» ብሎ ሲንከተከት ሰማሁ። ወጥቼ ግድግዳ ይዤ ቆምኩ።

ትናንት የጋሼሽ ታላቅ እህት መጡ፤ እትዬ። አልተቀመጡም። መጠቅለያውን ከቦርሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ በመዳፋቸው አስተካክለው ዘረጉት።

«ወንድሜ እጁን አንስቶብሽ ያውቃል?» አሉኝ።

«በፍጹም እትዬ» አልኩ።

«ታዲያ ይሄ ማነው?»

ጋሼሽ ድምፁን ከፍ የሚያደርገው በርሜሉ ሲያፈስ ብቻ ነበር፤ እሱንም በርሜሉን ይቅርታ ይጠይቀው ነበር። እትዬ መጠቅለያውን እዚያው ትተው ወጡ። በሩን ቀስ አድርገው ነው የዘጉት። ቢያላትሙት ይሻለኝ ነበር።

ፈጠራውን ጠየቅሁት፤ «ታሪኩ ከዘመድዎ ነው የመጣው» አለኝ። ጋሼሽ ትምህርት ቤት ያደርስሽ የነበረ ሰው ነው። ዝናብ ሲሆን ኮቱን አውልቆ ላንቺ የሚያለብስ። እንዴት አስቻለሽ? ጻፊልኝ፤ ቶሎ ጻፊ።

አክስትሽ


መጋቢት 14

ለአክስቴ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ ሆቴሉ በእንግዳ ተጨናንቆ ነበር።

ያዘኑት ገብቶኛል። ግን እዚህ ሁሉም እንደዚህ ነው የሚሠራው። ገዢ ዕቃ ብቻ ሲቀርብለት ያልፋል፣ ታሪክ ሲቀርብለት ይቆማል። ጋሼ አሁን የሉም፤ የሚጎዳቸው ነገር የለም። ሁለቱ ሴቶች ከሥራ አልወጡም። እርስዎስ የፈለጉት ይሄንኑ አልነበር? የተጋነነ ነገር ካለ ዲዛይነሩ ነው ያጋነነው። ለእትዬ የንግድ ነገር ነው ይበሏቸው፤ ጊዜ ሲያልፍ ይረሱታል።

ለእኔ የተቀመጠው ገንዘብ ምን ያህል እንደደረሰ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ


መጋቢት 30

ለሚጣ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የጻፍሽው አንቺ አይደለሽም። ባንክ ነው የጻፈልኝ። እጅግ ተቆጥቼ፣ ያንን መጠይቅ በዓይኔ ላየው ፈጠራው ቢሮ ሄድኩ።

ቢሮው መስታወት በመስታወት ነው፤ ገበታው ላይ የኛ ሳሙናዎች እንደ ከረሜላ በሣህን ተቆልለዋል፣ ያቺ ሴት ከየአቅጣጫው ታይሻለች። «እናቴ፣ እንኳን መጡ! ይሄ ጽሑፍ ወርቅ ነው፤ ገና ግማሹን ነው የተጠቀምንበት» አለኝና የላክሽለትን አትሞ አራት ገጽ ሰጠኝ። በደማቅ እስክሪብቶ አስምሮበታል። ሴትየዋ ጣቷ የተሰበረበት ቦታ ላይ፣ ከጎኑ ምን ብሎ እንደጻፈ ታውቂያለሽ? «ጥሩ!» ብሎ ኮከብ ሥሎበታል። ሚጣ፣ በዕድሜዬ የሸተተ ሞራ ስንት ጊዜ አገላብጫለሁ፤ እንደዚያች ኮከብ ያቅለሸለሸኝ ነገር የለም።

እዚያው ተቀምጬ አነበብኩት። መጀመሪያ በንዴት ነበር። ሁለተኛው ገጽ ላይ ንዴቴ ቆመ።

ሴትየዋ መታጠቢያ ቤት ገብታ ትቆልፋለች፤ ጎረቤት ለቅሶዋን እንዳይሰማ ቧንቧ ትከፍታለች፤ ነጩን የግድግዳ ሸክላ ትቆጥራለች። የኔ ቤት ቧንቧ ግቢ ውስጥ ነው ያለው፤ አንቺም ታውቂዋለሽ። ሰውዬው የጫማዋን ሶል እየገለበጠ ወጥታ እንደሆነ ያያል። ስልኳን ግድግዳ ላይ ወርውሮ ይሰብራል። የፖስታ ሣጥኑን ቁልፍ ከራሱ ቁልፎች ጋር አስሮ ኪሱ ይይዛል። በሰው ፊት ሲሆን ግን ንግግሩ የጣፈጠ፣ ሽማግሌ የሚያከብር ነው ይላል።

ይቺን የመጨረሻዋን ቃል እኔ ነኝ የጻፍኩልሽ። ጥቅምት ላይ።

ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ከተትኩ። «የኛ ንብረት ነው እኮ እናቴ» አለ። ዞር ብዬም አላየሁት።

አልቆጣሽም። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ይቺ ሴት ማን ናት?

አክስትሽ


ግንቦት 22

አክስቴ፣

ዛሬ እርስዎ ማለት አቃተኝ። ልጅ ሆኜ እንደምጠራሽ አንቺ ልበልሽ።

ማን እንደሆነች አውቀሻል። ከአንድ ወር በላይ መልስ እየጻፍኩ ስቀድ ነበር። አሁንም የምጽፍልሽ አንሶላ ማድረቂያው ክፍል ውስጥ ቆሜ ነው፤ የምትጠብቀኝ አለቃዬ በር ላይ ናት። እሷ ታውቃለች፤ አንድ ቀን ክንዴን አይታ አንድም ቃል ሳትናገር የኔን ፈረቃ ከሰው ፊት ወደ ጓሮ ቀየረችልኝ።

መጠይቁን ልሞላ ስቀመጥ እውነት ስላንቺ ልጽፍ ነበር። ጋሼ በርሜሉን ሲበይዱ፣ አንቺ ስታማስዪ። «የመሥራቿ ሕመም ምንድን ነው?» የሚለው ጋ ስደርስ እጄ ሌላ ነገር ጻፈ። ሦስት ዓመት ለማንም ትንፍሽ አላልኩም ነበር። ለማላውቀው ሰው፣ በሌላ ሴት ስም ሲሆን ግን አራት ገጽ ሞላ። ስጨርስ መልሼ አነበብኩትና አለቀስኩላት። ለዚያች ሴት አዘንኩላት፤ ለራሴ አዝኜ አላውቅም። ላኪ የሚለውን ተጫንኩት።

ጋሼን ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ ብትጠይኝም ልንገርሽ። በባሌ ስም መጻፍ ፈራሁ። ጋሼ ሞተዋል። ከማውቃቸው ወንዶች ሁሉ የማይመቱኝ እሳቸው ብቻ ስለነበሩ በሳቸው ላይ ጣልኩት። ከዚህ የባሰ ነውር ምን አለ? እሱ ካደረገብኝ ሁሉ ይልቅ እኔ ያደረግሁት ይቆጠቁጠኛል።

የሳሙናውን ፎቶ ዲዛይነሩ ሲልክልኝ ማጠቢያው ላይ አስመለስኩ። ጉንጯ የበለዘበት ቦታ እንኳን የኔው ነው። አልነገርኩትም ነበር፤ እንዲሁ በግምት ነው የሣለው። ለካ ይሄ ነገር ቦታው ይታወቃል።

ገንዘቡን የጠየቅሁሽ ለስጦታ አይደለም። ለክፍል ኪራይ ነው። ፓስፖርቴን ይዞብኛል። ሌላ ምን እንደምጽፍ አላውቅም።

ሚጣ


ሰኔ 9

ልጄ፣

ደብዳቤሽን በር ላይ እንደቆምኩ አነበብኩት፤ ወንበር ትዝ አላለኝም።

መጀመሪያ ስለራሴ ልናገር። በየደብዳቤው ግርጌ ለዚያ ሰውዬ ሰላምታ እልክ ነበር። ተጸየፍኩት፤ እሱን ብቻ አይደለም፣ የኔንም ብዕር ተጸየፍኩት። ስልክ ተበላሸ አልሽኝ፣ አመንኩ። ቁልፍ ጠፋ አልሽኝ፣ አመንኩ። ለፎቶ የሚሆን ፊት የለኝም አልሽኝ፣ ፀጉርሽን አልተሠራሽም ብዬ አለፍኩት። ሠላሳ ዓመት እድፍ ሳይ ኖሬ የልጄን ፊት አላየሁም።

ፈጠራውን አሰናበትኩት። ሁለተኛውን ዙር ሊያስረዳኝ መጥቶ ነበር፤ አሁን ደግሞ ባልየውን የሚያሳይ ጥቁር ሳሙና እንድንሠራ። እንዲያልቅ የሚታሸት! «ውጣ» አልኩት። «እናቴ፣ ስኬትዎን እየገፉ ነው» አለ። የምታማስለዋ ሴት ማማሰያውን ይዛ ስትነሳ በነጭ ጫማው ሮጠ፤ ደጃፉ ላይ ሞራ አዳልጦት ነበር፣ አልወደቀም፤ ያሳዝናል።

የቀሩትን ሳሙናዎች በሙሉ ወደ በርሜሉ መለስኳቸው። ሲቀልጡ ውሃው በለዘ። ወጥቼ ደፋሁት፣ በርሜሉን ሦስት ጊዜ አጠብኩት።

እትዬ ጋም ሄድኩ። ያንቺን ነገር አልነገርኳቸውም፤ ያንቺ ነውና አንቺ ካልሽ ትናገሪዋለሽ። «ገንዘብ ፈልጌ እኔው ነኝ የዋሸሁት» አልኳቸው። «እንግዲያው ከእንግዲህ ቤቴ አትምጪ» አሉ። እሺ ብዬ ወጣሁ።

ይቅር ብዬሻለሁ ወይ? እውነቱን ልንገርሽ፣ አላውቅም። የጋሼሽን ስም ሳነሳ ገና ያመኛል። ግን እሱ ይደርሳል። መጀመሪያ ከዚያ ቤት ውጪ። ከወጣሽ በኋላ እንጣላለን፤ ጊዜ አለን።

የተቀመጠልሽን ገንዘብ በአለቃሽ ስም ልኬዋለሁ፤ የራሴንም ጨምሬበታለሁ። ፓስፖርት ወረቀት ነው፤ ሌላ ያወጣሉ።

አክስትሽ


ሐምሌ 16

አክስቴ፣

ወጣሁ።

ማክሰኞ ጠዋት፣ እንደ ወትሮው ለሥራ ስሄድ። ሁለት ቀሚስ ደርቤ፣ ከላይ ካፖርት ለብሼ። ሻንጣ አልያዝኩም። በር ላይ «ምነው ወፈርሽ?» አለኝ። ብርድ ነው አልኩት። ደረጃውን ስወርድ ሦስተኛው ፎቅ ላይ መቀመጫ ፈልጌ ነበር፣ ግን ከተቀመጥኩ የምነሳ አልመሰለኝም።

አለቃዬ መኪናዋን አስነስታ እየጠበቀችኝ ነበር። እህቷ የምታከራየው አንድ ክፍል አለ። አልጋ፣ አንድ መስኮት፣ አንድ ምድጃ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ተኝቼ አሳለፍኩ። ከዚያ ድስት ገዛሁ። ድስቱን እኔ ነኝ የመረጥኩት፤ ቀይ ነው፤ ለምን ቀይ ገዛሽ የሚለኝ የለም። ይሄን ስጽፍልሽ ሞኝ እንደምመስል አውቃለሁ። ስለ ፓስፖርቴም አመልክቻለሁ፤ ጊዜ ይወስዳል አሉኝ።

እትዬ ያሉሽን ሳነብ ማፈሪያ መሆኔን አወቅሁ። በኔ ውሸት ተሰድበሽ፣ በኔ ፋንታ ተባርረሽ ልትኖሪ አይገባም። ከዚህ ጋር የታጠፈ ሌላ ወረቀት አለ፤ ለሳቸው ነው። ሁሉንም ጽፌዋለሁ፤ ለምን ጋሼን እንደመረጥኩም። እባክሽ ስጫቸው። ባይቀበሉሽ በር ሥር አስገቢላቸው።

ሚጣ


ነሐሴ 8

ለሚጣዬ፣

ጤናሽን፣ ሰላምሽን፣ የክፍልሽን በር በደህና ያቆይልሽ። ቀይ ድስትሽ ውስጥ የሚገባ አይጥፋ። እኔ ደህና ነኝ።

ሥራውን ልንገርሽ፤ ጥሩ ጥሩውን ብቻ አልነግርሽም። ሽያጩ ወርዷል። ትምህርት ቤቱ አልተመለሰም። ሁለቱም ሴቶች ግማሽ ቀን እየሠሩ ነው፤ ተነጋግረው ራሳቸው ነው የወሰኑት። እኔ አንዷንም አልመረጥኩም። ሌላ ዲዛይነር ቀጥሬያለሁ፤ ልብስ ሰፊው ቤት ጥለት የምትሥል ልጅ። ስትመጣ መጠይቅ አላመጣችም። ሳሙናውን ይዛ ሄደች፣ በሳምንቱ ተመልሳ «የአባቴን የሥራ ሸሚዝ አጠብኩበት፤ የአንገቱ እድፍ ለቀቀ» አለችኝ። እስካሁን ከቀጠርናቸው ባለሙያዎች በሳሙናው ያጠበች እሷ ብቻ ናት። ሰማያዊ መስመር ያለው ወረቀት ሠራችልን፤ በላዩ «እፎይ፤ የልብስና የገላ ሳሙና» ይላል። ሌላ ነገር አይልም። ባለሱቁ «አሁን ሳሙና መሰለ» ብሎ ወደ ፊት አምጥቶታል።

እትዬ ጋ ሄድኩ። በሩን ከፈቱ፣ ሲያዩኝ ሊዘጉት ነበር። ወረቀቱን ዘረጋሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው እዚያው በር ላይ አነበቡት። ሲጨርሱ አጠፉት፣ እንደገና ዘረጉት፣ እንደገና አነበቡት።

«ሰርጓ ላይ ያ ሰውዬ ጉንጬን ስሞኛል» አሉ። ከዚያ ገብተው ፊታቸውን ታጠቡ። የውሃው ድምፅ ቆየ። ሲመለሱ «ግቢ» አሉኝ።

ያላሉትን አሉ እንዳልልሽ፤ ይቅር ብያታለሁ አላሉም። «ወንድሜን ስለሰደበችው ገና አልወጣልኝም» ነው ያሉት። ግን በማግስቱ ከኔ ጋር ሱቅ ለሱቅ ዞሩ። የቀረውን አሮጌ ሳሙና ከየመደርደሪያው ለቀምን፤ ባለሱቆቹ ለምን ሲሉን «ውሸት ነው የተጻፈበት» ይሉ ነበር። ያቺ ክንዷን ያሳየችኝ ሴት ተመልሳ መጥታለች። እውነቱን ነገርኳት፤ የኔ ታሪክ እንዳልሆነ፣ ግን የአንዲት ሴት እውነት እንደሆነ። «ወጣች?» አለችኝ። ወጣች አልኳት። ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም፤ ስልክ ቁጥሬን ወስዳለች።

አሁን የመጨረሻውን። ባለፈው ሐሙስ ከቀትር በፊት፣ እትዬና እኔ መጠቅለያ እያጠፍን ሳለ ስልክ ጮኸ። አነሳሁ። እሱ ነው። «እናቴ፣ እንደምን ከረሙልኝ? ጉልበትዎስ?» አለኝ፤ ያው ድምፅ፣ ማር የመሰለ። ሚጣ ትንሽ ተሳስታ ከቤት ወጥታለች፣ እሱ አልተቀየማትም፣ ጤናዋ ያሳስበዋል፣ ያለችበትን ብነግረው። ጉልበቴን ደጋግሞ ጠየቀኝ። በጆሮዬ የሆነ የሚያሙለጨልጭ ነገር የሚገባ መሰለኝ።

እትዬ ከፊቴ ተረዱት መሰለኝ። እጃቸውን ዘረጉ፤ ስልኩን ሰጠኋቸው።

«ጤና ይስጥልኝ» አሉ በትሕትና። «እኔን አላወቅኸኝም። በአንተ ፋንታ ሲሰደብ የከረመው ሰውዬ እህት ነኝ።»

እትዬ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ልጅቷ ያለችበትን እናውቃለን። አንተ ግን አታውቅም፤ ወደፊትም አታውቅም። አሁን ደግሞ ወንድሜ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ልንገርህ፤ ሰምተህ ስለማታውቅ ነው...»

ዘጋው። ጥርቅም ሲል እኔም ሰማሁት። እትዬ ግን ስልኩን ከጆሯቸው አላነሱም።

«ገና አልጨረስኩም» አሉትና፣ በተዘጋው ስልክ ስለ ጋሼሽ መናገራቸውን ቀጠሉ።

አክስትሽ